የልጄን ቀሽም ስፌት ያስተካከልኩ ዕለት

የቆማችሁ ተቀመጡ። ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ ሰው ያያችኋል።

ዛሬ ጠዋት በልጄ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ሁለት መቶ ከሚሆን ሰው ፊት ቆሜ፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሬያለሁ። ከዚህ በኋላ መቐለ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ አባት በስልኩ ቀርጾኛል። ሲቀርጽ አይቼዋለሁ! ቪዲዮው እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ነገሩን ከእኔው አፍ ስሙት ብዬ ነው የመጣሁት። ቢያንስ እኔ ሳወራው ትንሽ አምርበታለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ኳሊቲ ነኝ። የተሰፋ ልብስ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፣ እገለብጠዋለሁ፣ ስፌቱን አያለሁ። እንከን ካገኘሁ ቀይ ቀስት ያለባት ትንሽ ስቲከር እለጥፍበትና ወደ ሰፊዋ እመልሰዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የሰው ስህተት ስፈልግ ነው የምውለው።

ደግሞ አገኛለሁ!

የስፌት መስመሩ፣ ላይኑ ላይ ያሉት ልጆች "ቀይዋ" ነው የሚሉኝ። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

ችግሩ ዓይኔ ከሥራ ሰዓት በኋላ አይዘጋም። ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰውዬ ኮሌታ እያየሁ ነው ከፓርኩ ሰፈሬ ሓድነት የምደርሰው። ባለፈው ሰርግ ላይ ሙሽራዋን አቅፌ ስስማት እጄን ጀርባዋ ላይ ዚፑን ሲፈትሽ አገኘሁት። ወላሂ እኔ አላዘዝኩትም። (ወላሂ ማለት ከባለቤቴ ደንበኞች የተማርኩት ነው። ባለቤቴ ካሳሁን የደሴ ልጅ ነው፣ ሓድነት ትንሽ ሱቅ አለው፣ ቤታችን ውስጥም አማርኛ የምናወራው በእሱ ምክንያት ነው።)

ካሳሁን አንድ ቀን "እኔም ላይ ስቲከር ትለጥፊብኛለሽ" ብሎ ቀለደብኝ።

ለጥፌበታለሁ። ኮሌታው ላይ። ግማሽ ቀን ሱቁ ውስጥ ይዞት ዋለ።

እሺ፣ አሁን ወደ ልጄ።

ልጄ ልዋም ትባላለች። ስድስተኛ ክፍል ናት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው። እዚህ ከተማ ክፍሉና ዕድሜው እኩል የሄደለት ልጅ ካለ አሳዩኝ። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ዓመታት እኔም ሥራ አልነበረኝም፣ እሷም ደብተር አልነበራትም። ቤት ቁጭ ብለን መርፌ አስያዝኳት። የሚሰፋ ጨርቅ ሲያልቅብን የሰፋነውን ተርትረን እንደገና እንሰፋ ነበር።

ባለፈው ዓመት ተፈትና አንድ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት በስኮላርሺፕ ገባች። እልል ብያለሁ። ግን ክፍሏ ውስጥ ረጅሟ እሷ ሆነች። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ትንንሾቹ "አንቺ አስተማሪ ነሽ?" ይሏት ነበር መጀመሪያ ሰሞን። ጎንበስ እያለች መሄድ ጀምራ ነበር፤ እኔ ደግሞ የልጄ ትከሻ ሲጣመም እያየሁ ስቲከር የምለጥፍበት ቦታ አጣሁ።

ከዚያ የሳይንስ ፌሩ ማስታወቂያ ወጣ።

አንደኛ የወጣ ፕሮጀክት አዲስ አበባ ለትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ልጆቹ የሚመደቡት በክፍል አይደለም፣ በዕድሜ ነው።

"እማዬ፣ እዚያ እኮ የምቆመው ከእኩዮቼ ጋር ነው" አለችኝ ልዋም።

ይህን ብላ መኝታ ክፍሏ ገባች።

አንድ ወር ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ሠራች። ምን እየሠራሽ ነው ስላት "ከረጢት" ትለኛለች። ምን ዓይነት ከረጢት? "የሳይንስ ከረጢት።" በሩን ትዘጋለች። እናቷን ታውቃታለች መቼም!

ትምህርት ቤቱም ያውቀናል። ወላጅ "የልጄን ፕሮጀክት በእጄ አልነካሁም" ብሎ የሚፈርመው ፎርም አለ። እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ የእንጨት ድልድይ ሠርቶ መጣ። አባቱ ኢንጂነር ነው። ዳይሬክተሩ ለሙከራ ድልድዩ ላይ ቆሙበት፣ ምክትላቸውም ተጨመሩበት፣ ድልድዩ ፍንክች አላለም። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሁሉ ይፈርማል።

ፈረምኩ። በሰማያዊ እስክርቢቶ። እስከ አያቴ ስም።

ትናንት ደረሰ። ከሥራ አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። ካሳሁን ሱቅ ነው። ልዋም ንግግሯን ለመለማመድ ጓደኛዋ ጋ ሄዳለች። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ተቀምጧል። ክዳኑ ክፍት ነው።

ክፍት ነው!

እኔ ካርቶን አልከፈትኩም። ይሄ ይመዝገብልኝ።

ውስጡ አምስት የአቡጀዲ ከረጢት አለ። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ክር፣ እኩል መጠን፣ በየአንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። ጎሽ ልጄ አልኩ። የመጀመሪያውን አነሳሁና ገለበጥኩት።

ማንጠልጠያው በአራት ስፌት ነው የተያዘው።

አራት!

እናንተ ሰዎች፣ አራት ስፌት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል? ጣቴ ገብቶ ይወጣል! እኔ ያሳደግኳት ልጅ፣ መርፌ ያስያዝኳት ልጅ፣ ነገ ዶክተርና ኢንጂነር በሚሰበሰብበት አዳራሽ በአራት ስፌት ልትቆም? ሁለተኛውን አየሁ፣ ስምንት። ሦስተኛው አሥራ ሁለት። አራተኛው አሥራ ስድስት። አምስተኛው ሃያ፣ እሱም ቢሆን በሰው ፊት የሚወጣ አይደለም።

እና ምን አሰብኩ መሰላችሁ? መጀመሪያ ላይ ሰንፋ ነበር፣ እየቆየች ተማረች ብዬ አሰብኩ።

ከካርቶኑ ጎን ደብተር ነበር። አልገለጥኩትም። ኳሊቲ ደብተር አያነብም፤ ዕቃ ነው የሚያየው።

የስፌት መኪናዬ ማዕዘን ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔም አየኋት። ተያየን።

ፎርሙ ትዝ አላለኝም ብል ትዋሻለሽ ትሉኛላችሁ። ትዝ ብሎኛል። "ፎርሙ ስለ ፕሮጀክት ነው የሚያወራው፣ እኔ ደግሞ ስፌት ነው የማስተካክለው" አልኩ ለራሴ። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ምን ያህል ብልህ እንደሚሆን አይታችኋል?

አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። አምስቱንም በመኪና መታኋቸው፣ ማንጠልጠያው ላይ በመስቀል ደገምኩበት፣ የተንጠለጠለ ክር ቆረጥኩ፣ ተኮስኩ፣ አጣጥፌ በቁጥራቸው መለስኳቸው። ካሳሁን ከሱቅ ሲመጣ ለሠርቶ ማሳያው የጠየቀችውን አሥራ ሁለት እሽግ ባለ አንድ ኪሎ ጨው ይዞላት መጣና ካርቶኑን በፕላስተር አሸገላት። ልዋም መጥታ "አባዬ ተባረክ" ብላ ተኛች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ወደ ውስጥ ስንገባ የተሰቀለው ባነር በስተግራ ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል፤ ዝም አልኩ። ለአንድ ቀን ይብቃኝ ብዬ ነው።

ዳይሬክተሩ የዘንድሮውን የተማሪዎች ሥራ አስተዋወቁ። የሴቶቹ መረብ ኳስ ቡድን ዋንጫ ይዞ መጥቷል። የክርክር ክበቡ ከትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ጋር ገጥሞ አሸንፏል። ሦስተኛ ክፍሎች ግቢውን ችግኝ በችግኝ አድርገውታል፤ እያንዳንዱ ችግኝ ስም አለው፣ አንዱ "አቶ ጽድ" ነው የሚባለው። በእያንዳንዱ አጨበጨብኩ። እነዚህ ልጆች ምን አይተው እዚህ እንደደረሱ የምናውቅ እናውቀዋለን፣ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

ከዚያ ፕሮጀክቶቹ ቀረቡ። ሁሉም ሰው ያሸንፋሉ ያላቸው ስምንተኛ ክፍሎች ናቸው፤ አበባ የሚያጠጣ ሮቦት ሠርተዋል። ሮቦቱ ጥሩ ሄደ፣ አበባው ጋ ደረሰ፣ አሰበ፣ ዞረና የዳይሬክተሩን ጫማ አጠጣ። ዳይሬክተሩ እግራቸውን አላነሱም። ጨዋ ሰው ናቸው።

ቀጥላ ልዋም ወጣች።

እኔና ካሳሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነን። የእንጨት መቆሚያና መንጠቆ አስቀመጠች፣ ጨዎቹን ደረደረች። የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ጥያቄዋ "አንድ ስፌት ስንት ኪሎ ይሸከማል?" የሚል ነው። አምስት ከረጢት አለኝ፣ ልዩነታቸው የስፌቱ ብዛት ብቻ ነው፣ ሆን ብዬ ከአራት ጀምሬ አራት አራት እየጨመርኩ ነው የሰፋሁት አለች።

ሆን ብዬ።

ዋይ ኣነ!

ካሳሁን ዞር ብሎ አየኝ። ወሎዬ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ያይሻል። እሱ ነው የሚብሰው።

"ነካሽው እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

ዓይኔን መድረኩ ላይ ተከልኩ።

ልዋም የመጀመሪያውን ከረጢት ሰቀለች። "ይህ በሦስተኛው ኪሎ ይቀደዳል" አለችና ፈገግ አለች። ልጄ መድረክ ላይ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ኪሎ። ሁለት። ሦስት።

ምንም።

አራት። አምስት። ሰዉ ከእሷ ጋር መቁጠር ጀመረ። ሰባት! ስምንት! እንደ ኳስ ሜዳ! እኔ በሆዴ "ተቀደድ፣ አንተ ከረጢት፣ ስለ እመቤቴ ተቀደድ" እላለሁ። ሥራዬን አውቀዋለሁ መቼም። አይቀደድም።

አሥራ ሁለት። ጨው አለቀ።

ከረጢቱ ተንጠልጥሏል። ትንሽ እንኳን አልተጨነቀም።

ዳኛዋ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ "ተሳስታለች" አለ፣ ጮክ ብሎ። የልዋም ትከሻ ወደ ፊት ጎበጥ ሲል አየሁት። ያንን ትከሻ አውቀዋለሁ።

ጨዎቹን አወጣች። ከረጢቱን ገለበጠችው። የገለበጠችበት አኳኋን የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። የፋብሪካ ልማድ ሆኖብኝ ስፌት ስጨርስ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ወደ ፊት እመታለሁ። ላወቀው ሰው ፊርማ ነው።

ልዋም ፊርማዬን አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ሦስተኛውን ረድፍ አየች።

እጅ ከፍንጅ!

"ምን ተፈጠረ? የስህተቱ ምንጭ ምንድን ነው?" አሉ ዳኛዋ። አሁን በአማርኛ ነው።

"አውቄዋለሁ" አለች ልዋም። "ግን አልናገርም።"

"ሳይንስ ውስጥ አልናገርም የለም እኮ፣ ልጄ።"

"አልናገርም፣ ዶክተር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ፎርሙ ነው። እኔ እንዳልጋለጥ፣ ውሸታም እንዳልባል ብላ ነው። አዲስ አበባዋን ለእኔ ስትል ልትጥለው! እዚህ ላይ ላም እሳት ወለደች ሆነብኝ። ብናገር ፊርማዬ አለ፣ ፕሮጀክቱ ይሰረዛል። ዝም ብል የልጄ አንድ ወር ሙሉ ሥራ ውሸት ሆኖ ይቀራል።

ካሳሁን ክንዴን በስሱ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ይሄው ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር የገፋኝ አንድ ጊዜ።

ተነሳሁ።

"ኣነ እየ!" አልኩ። ስደነግጥ በትግርኛ ነው የምደነግጠው፤ እኔ ነኝ ማለቴ ነው።

ሁለት መቶ ራስ ዞረ። "ምን ነዎት?" አሉኝ ዳኛዋ።

"ስህተቱ እኔ ነኝ።"

ያቺ ናት ዓረፍተ ነገሯ። ቪዲዮው የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ሳቁን ተዉት። ጣራው ሊነሳ! እኔ ደግሞ ስሸማቀቅ አፌ አይቆምም። ኳሊቲ መሆኔን፣ አራት ስፌት ሳይ ደሜ መፍላቱን፣ ካርቶኑ ክፍት እንደነበር፣ እሷ ምንም እንደማታውቅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ካርቶኑ ክፍት እንደነበር ሦስት ጊዜ ሳልናገር አልቀረሁም።

ዳይሬክተሩ ፋይል ከፈቱ። ፎርሙን አወጡ። ጫማቸው አሁንም እርጥብ ነው።

"ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ምን ይላል?"

"አልነካሁም ይላል።"

"ነክተዋል?"

"አምስቱንም።"

አመል ያወጣል ከመሃል አይደል የሚባለው? እኔን ብቻ ቢያወጣኝ ደስ ባለኝ። ልጄን ይዞ ሊያወጣት ሆነ እንጂ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። "እኔን ቅጣኝ፣ እሷን ተዋት" አልኩ። ለዳይሬክተር አንተ አልኩት፣ አዎ፣ እሱንም ያ አባት ቀርጾታል።

ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ። "ከረጢቶቹ አይቆጠሩም፤ ሕግ ሕግ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ ልዋም ዞሩ። "ደብተርሽን አሳዪኝ።"

ያ ያልገለጥኩት ደብተር! ውስጡ የወር ሥራ ነው። እያንዳንዱን ስፌት ሦስት ሦስት ጊዜ ሞክራዋለች፣ የተቀደደውን ጨርቅ ቆርጣ ገጹ ላይ ለጥፋዋለች፣ ከሥሩ ኪሎው ተጽፏል። ዳኛዋ ገጽ በገጽ ገለጡት። እሳቸው ያነባሉ፣ ያው እኔ አይደሉም።

"ጥሩ ነው። ግን ይህ ቤት የተሠራ ነው" አሉ። "ቤት ውስጥ ማን ምን እንደነካ ደግሞ አሁን ሰምተናል። እዚህ፣ ፊታችን ልታሳዪን ትችያለሽ?"

ልዋም ቀጥ አለች።

"አሥር ደቂቃ ይስጡኝ" አለች። "እማዬ፣ መቀስሽን።"

የክር መቀሴ ከቦርሳዬ እንደማይወጣ ታውቃለች። ይዤላት ወጣሁ።

ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእኔን ስፌት ተረተረችው! አንድ በአንድ፣ በትዕግሥት፣ ጨርቁ ሳይጎዳ። እየተዋረድኩ እንኳን ጎበዝ ተርታሪ ናት ብዬ አሰብኩ። መርፌና ክር ከኪሷ አወጣች፣ በማስመሪያ ለካች፣ ጮክ ብላ እየቆጠረች በማንጠልጠያው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ሰፋች።

እኔ ወደ ወንበሬ ተመልሼ እጆቼን ጭኔ ሥር ቀብሬአቸዋለሁ። ፊቴ ክፉ ስፌት እየተሰፋ፣ በገዛ ልጄ፣ ሆን ተብሎ! "አንድ ብቻ ጨምሪበት" የሚል ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ካሳሁን ለማንኛውም ብሎ የእጅ አንጓዬን ያዘ።

ሰቀለችው።

አንድ። ሁለት።

ሦስት።

ጠጠጠጥ!

ተቀደደ! ጨዎቹ መድረኩ ላይ ተንከባለሉ! አዳራሹ ፈነዳ! እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ መሰለኝ፣ ቆሜ። ኳሊቲ ከሆንኩ ጀምሮ ስፌት ሲቀደድ አጨብጭቤ አላውቅም፣ ዛሬ ግን እልል አልኩለት! እኔን ተከትለው መጀመሪያ የቆሙት የሮቦቱ ልጆች ናቸው፤ ባላንጣዎቿ! እናቶቻቸው ይባረኩ።

ሁለተኛውንም ተርትራ በስምንት ሰፋችው። "ይህ በአምስት ነው" አለች። በአምስት ተቀደደ። ያ "ተሳስታለች" ያለው ትንሽ ልጅ "አላልኳችሁም?" ብሎ ጎረቤቱን ሲጎሽም በዓይኔ አይቻለሁ።

ዳኛዋ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ አሉ። ሳቃቸውን እየያዙ ነው።

"የእናትሽ ስፌትስ ስንት ኪሎ ይችላል?"

ልዋም ደብተሯን አየች። እኔን አየች። በቁም ነገር፣ በሳይንቲስት ፊት፣ እንዲህ አለች፦

"አናውቅም፣ ዶክተር። ጨው አልቆብን ነው ያቆምነው።"

እዚህ ላይ ሰዉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ካሳሁን መሃረብ ሰጠኝ፣ ጠርዙ ተተርትሯል፣ ምንም አላልኩም።

አንደኛ ወጣች!!!

ልጄ አዲስ አበባ ትሄዳለች! ከእኩዮቿ ጋር ልትቆም! የምስክር ወረቀቱን ልትቀበል ስትወጣ ያ ረጅም ቁመቷ ሙሉውን ወጣ፤ ከዳይሬክተሩ እኩል ሆነች። ደግሞ እንዲህ ቆንጆ ቁመት እንዳላት አላውቅም ነበር። ሮማናት አደባባይ አንድ ካፌ ሄደን ኬክ በላን። ያስተናገደችን ልጅ "እርስዎ ስህተቱ እኔ ነኝ ያሉት አይደሉም?" አለችኝ። ኬኩ ሳያልቅ! ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ሮማናት ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ላይ ከላይኑ ልጆች አሥራ አንድ መልዕክት ገብቶልኛል፣ ሁሉም ቀይ ቀስት ብቻ ነው።

ይሄ ሁሉ ይሁን። አሁን የሚቆጠቁጠኝን ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ አንድ ወላጅ አብሯት እንዲሄድ ተፈቅዷል። ማን ይሂድ የሚለውን ልጅቷ ትምረጥ ተባለ።

አባቷን መረጠች።

"ለምን?" አልኩ፣ እንደማላውቅ።

"አባዬ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም" አለች።

ካሳሁን በሕይወቱ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም። በአለመቻሉ! ሰውዬው ከአሁኑ ሻንጣ አውርዷል።

ለእኔ ይፈረድልኝ ብዬ ልከራከር ነበር፣ የሚፈርድልኝ አጣሁ።

አሁን ምሽት አንድ ሰዓት ነው። እነሱ ሱቅ ናቸው። ለጉዞ የሚለበሰው የዩኒፎርም ቀሚሷ ታጥቦ በር ላይ ተሰቅሏል። በአጠገቡ ሳልፍ፣ እንዲያው ሳልፍ፣ ጠርዙ ሁለት ሴንቲሜትር ተተርትሮ አየሁት።

ልጄ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር በተተረተረ ጠርዝ ልትቆም?

ጎንበስ አልኩ። በቃ ልይ ብዬ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ወረቀት በስፒል ተሰክቷል። ጽሕፈቱ የልዋም ነው።

"እማዬ፣ አይቼዋለሁ። እኔ እሰፋዋለሁ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። አይታዋለች። ከእኔ ቀድማ አይታዋለች። ልጄ አድጋለች እኮ ሰዎች፣ እኔ ስፌት ሳይ ልጅቷ አድጋለች።

ስለዚህ ቀሚሱን አልነካሁም። አንዱ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ይህን የምጽፈው በአንድ አውራ ጣት ነው። ፍጹም ሌላ ሰው ሆኛለሁ።

ወረቀቱ የተሰካበት ስፒል ግን ትንሽ ዘመም ብሏል።

እሱን ብቻ ላቃናው?